አባቴ ያጠመቀው ሰው

ባለፈው እሁድ እዚሁ ጉለሌ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የጥምቀት ገንዳው በውሃ ጎማ ሲሞላ ሰማሁና ድምፁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ወዳየሁት አንድ ጠዋት መለሰኝ።

ያኔ አጥማቂው አባቴ ነበር። ከሚጠመቁት አንዱ ደግሞ የአባቴን ታናሽ ወንድም በስለት የገደለው ሰው ነው። እስር ቤት ሳለ ጌታን ተቀብሎ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል። ፓስተሩ "ሌላ ሰው ያጥምቀው?" ቢለው አባቴ "ጌታ ከተቀበለው እኔ ማነኝ?" ብሎ እምቢ አለ።

ሰውየው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ወደ ገንዳው ወረደ። አባቴ "በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም" ብሎ ውሃው ውስጥ አስገባው። መዘምራኑ ጀመሩ፤ አዝማቹን ጨረሱ፤ ሰውየው ግን አልወጣም። የአባቴ መዳፍ ደረቱን ተጭኖታል። ከሁሉ ያስፈራኝ የሰውየው አለመንፈራገጥ ነበር። መዝሙሩ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ።

"አንተ!" ብላ እናቴ ከአጠገቤ ጮኸች።

አባቴ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ደንግጦ አወጣው። ሰውየው ሳሉ ጋብ ሲልለት "ይገባኝ ነበር፣ ጋሼ" አለው።

ቤት ስንገባ አባቴ ምሳ አልቀመሰም። "እግዚአብሔር ይቅር እንዳለው አልጠራጠርም" አላት እናቴን። "የምጠራጠረው እኔን ነው።" ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አሁን አርጅቷል።

"አባዬ፣ ያን ቀን እማዬ ባትጮህ ኖሮስ?" አልኩት።

መዳፉን ገልብጦ አየው።

"እሱን አትጠይቂኝ፣ ልጄ" አለኝ።