ከቅድመ አያቴ በላይ

ዝናብ የመታው የበግ ጠጉር ባና ሽታው ከባድ ነው። ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቼ ባናቸውን እንደ ደረቡ መሐል ሜዳ ከተማ ወዳለው ክፍሌ ሲገቡ፣ ሽታው ከአያቴ ከአባባ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ መልሶ አቆመኝ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የታሪክ መምህራችን ሰባት ትውልድ ቆጥረን እንድንመጣ አዘዙን። መንዝ ውስጥ ዘሩን የማይቆጥር የለም። እኔም ቅድመ አያቴ ካደገችበት ቤት ሰዎች አፍ የሰማሁትን ጨምሬ ሰባቱንም ሳልደናቀፍ ጠራሁ። ተጨበጨበልኝ።

ቤት ገብቼ ስሞቹን ለአባባ ደገምኩላቸው። መወርወሪያው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ከሦስተኛው በኋላ ተሳስተሻል» አሉኝ። «ከእናቴ በላይ የጠራሻቸው የገዟት ጌቶቿ ናቸው። በልጅነቷ ከገበያ ነው ያመጧት። የወላጆቿን ስም የጠየቃት የለም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እሷ ላይ አቁሚ። ያልወለደሽን አትቁጠሪ።»

እኔ የማውቀው ገበያ በግና ገብስ የሚሸጥበትን ነው። ቢሆንም በማግስቱ ተነሥቼ አባቴን፣ አባባን፣ ቅድመ አያቴን ጠራሁና «ከእሷ በላይ ገበያ ነው» አልኩ። መምህሩ መጽሐፋቸውን አገላበጡ፤ ስለ እንዲህ ያለ ገበያ የሚናገር ነገር አላገኙም። ቁጭ በይም አላሉኝ።

ዛሬ ታሪክ የማስተምረው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ትውልድ አስቆጥራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ራሴ ቆጥሬ ሦስት ላይ አቆማለሁ። «ለምን አቆሙ?» የሚል ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም። መጽሐፉን አጥፌ ማስተማር የምጀምረው ያኔ ነው።