የደሳለ ጥይት ለምን ጠመመ

ፈንታው ቀጥቃጭ ነው። በዚያ አገር ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ያውቀዋል። ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ማጭድህን ይስልልሃል፣ አንተ ደግሞ ልጅህን በነጠላ ሸፍነህ በደጁ በሩጫ ታልፋለህ። ቡዳ ነዋ! ዓይኑ ይበላል ነዋ! በእሱ እጅ የተሠራው ማጭድ ግን አይበላህም፤ እሱንማ በትከሻህ አንግተህ ነው ገብስህን ልታጭድ የምትወርድ። እኔ ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ስለዚህ ቆጣ ቆጣ ብል አትፍረዱብኝ።

ቤቱ ከፍላቂት ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። መንደሩ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። አባቱም ወናፉን እየነፋ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። ፈንታው ያሉትም ከእሱ በፊት የተወለዱት ስላለቁ፣ በእነሱ ፈንታ ይኑርልን ብለው ነው። እሱም በተራው ሽታዬን አግብቶ ወለደ፤ አንዱም አልቆመለት። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። እሱ ይቀጠቅጣል፣ እሷ ወናፍ ትነፋለች፣ ማታ ማታ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሌላ ሰው ቤታቸው ገብቶ እህል ስለማይቀምስ እርስ በርስ መሰለቻቸትም አያዋጣቸውም ነበር።

በዚያ ደጋ ከአያት የወረደ ምንሽር የሌለው ገበሬ ራሱን እንደ ጎደሎ ነው የሚቆጥር። ጠመንጃውስ በየምሰሶው ተሰቅሏል፤ ጥይቱ ከየት ይምጣ? ቢገኝም በሬ ካልሸጡ አይቀመስም። ስለዚህ የተተኮሰችውን ጥይት ባዶ ቤት፣ ቀለሁን፣ ለቅመው ለፈንታው ያመጡለታል። እሱ ያጸዳዋል፣ መለኮሻውን ይቀይራል፣ ባሩድ ይሞላዋል፣ ከዚያ በቀለሁ አንገት ውስጥ አረሩን፣ ተተኩሶ የሚበረውን እርሳስ፣ ራሱ በሠራው የብረት መጫኛ ጫን አድርጎ ያስገባዋል። አሁን ፈተናው ቀረ። ከተሰበረ የፎቶ ክፈፍ ያወጣት መስተዋት አለችው። የተሞላችውን ጥይት እዚያ ላይ አጋድሞ በጣቱ ያንከባልላታል፤ ዓይኑን ከጫፏ አይነቅልም። ጫፏ ጸጥ ብላ ከዞረች ጥይቷ ቀጥ ያለች ናት። ጫፏ ወዲያ ወዲህ ካለች ግን አረሯ በአንገቷ ውስጥ ዘንበል ብላለች ማለት ነው። ይህችን «እስክስታ መታች» ይላታል። እስክስታ የምትመታ ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣች በኋላ ወዴት እንደምትሄድ ፈጣሪ ይወቅ።

አምና ሽታዬ ታመመች። ላሊበላ ሐኪም ቤት ወስዷት ነበር፤ ሐኪሙ አገላብጦ አያትና «ቤቷ ሄዳ ትረፍ» አለ። እሷም ገባት። ሞቱንስ አልፈራችም፤ የፈራችው ቀብሩን ነው። እዚያ ሰው ሲሞት የሚያለቅስለት፣ የሚሸከመው፣ የሚቀብረው ቅሬው፣ ያ የመንደሩ እድር ነው፤ ቀጥቃጭን ደግሞ ቅሬ አስገብተው አያውቁም።

«ልጅ የለኝ፣ ቅሬ የለኝ» አለችው። «ማን ሊሸከመኝ ነው ፈንታው? እንደ ሞተ ውሻ ጎትተህ ልትቀብረኝ ነው?»

«ኧረ አፈር ልብላልሽ! እንዲህ አትበይ» አላት።

የቅሬው ዳኛ ደሳለ ይባላል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከሌሎቹ ይሻላል። ሌሎቹ ቀለሃቸውን አጥር ላይ ጥለው ይሄዳሉ፤ ደሳለ ግን ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል። ፈንታው አንድ ቀን ትንፋሹን ሰብስቦ የሽታዬን ነገር አጫወተው። ደሳለም ሆዱ ባባ።

«ክረምት ከመግባቱ በፊት ስብሰባ አለን» አለ። «እኔ ራሴ ተነሥቼ አስገባችኋለሁ። ላሊበላን!»

ሽታዬ ይህን ስትሰማ ያን ዕለት ምግብ በላች።

ከዚያ የደሳለ ልጅ ሰርግ መጣ። የሙሽራው ወገን ቅል ዛፍ ላይ ሰቀለና ኢላማ ተያዘ። የሙሽሪት አባት ይጀምር ተባለ። ደሳለ ፈንታው የሞላለትን ጥይት አጉርሶ ምንሽሩን አነሣ፣ አነጣጠረ፣ ተኮሰ። ቅሉ ንቅንቅ አላለም። ደገመ። ጥይቷ ቅሉን ትታ ራቅ ያለውን ባሕር ዛፍ ላጠችው። ሠለሰ፤ ይቺኛዋ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልታወቀም። አማቹ ጢሙን እያሻሸ «ቅሉ አሳዘነዎት መሰለኝ» አለ፤ ሰርገኛው በሳቅ ፈረሰ። በዚያ አገር ሰውን ከዚህ በላይ የሚያዋርድ ነገር የለም።

በማግስቱ ደሳለ መጣ። ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠም።

«ፈንታው! በአማቾቼ ፊት አፈር አበላኸኝ» አለ። «እጅህ ነው ወይስ ዓይንህ? ሰው ዓይኑን ጥሎበት ነው እያለኝ ነው።»

«አያ ደሳለ፣ እኔ እርስዎን? በይምርሐነ ክርስቶስ!»

«እንግዲያው ከስብሰባው በፊት ጥፋቱን ፈልገህ አግኝልኝ። ካገኘኸው ቃሌ ቃል ነው። ካላገኘኸው ግን ምን ብዬ ስላንተ አፌን እከፍታለሁ?» ብሎ ቀለሆቹን ዘርግፎለት ሄደ።

ፈንታው ነገሩን ሲጠረጥር ቆይቶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እስክስታ የሚመቱት በዝተውበታል። የጠመሙትን በእንጨት ገፋ ገፋ እያደረገ ያቃናቸው ነበር፤ ለካ የተቃኑ እየመሰሉ መልሰው ይጠምማሉ። አሁን ግን የሽታዬ ቀብር የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና ከሥሩ ሊመረምረው ተቀመጠ።

መጀመሪያ አረሩን ጠረጠረ። አረሮቹን ለብቻቸው በመስተዋቷ ላይ አንከባለላቸው፤ ደህና ናቸው። ባዶዎቹን ቀለሆችም አንከባለላቸው፤ እነሱም ደህና። ስለዚህ ጥመቱ የሚመጣው አረሩ ሲጫን ነው። መጫኛዬ ተበልቶ ይሆናል አለና አዲስ መጫኛ ሠራ። አሁንም እስክስታ! ሽታዬ ከአልጋዋ ሆና «ዛሬም ሰርግ ነው እንዴ?» አለችው፤ እሱ ግን አልሳቀም።

በመጨረሻ እንዲህ አደረገ። መጫኛው ላይ በከሰል አንድ ምልክት አደረገ። ጥፋቱ የመጫኛው ከሆነ አረሮቹ ሁሉ ወደ ምልክቱ፣ ወይም ከምልክቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ማዘንበል አለባቸው። ቀለሁን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ እያዞረ ጫነ። አረሮቹ ለከሰሉ ግድም አልሰጣቸው። ቀለሁ በዞረበት እየዞሩ አዘነበሉ። ያኔ የስልኩን መብራት አብርቶ የቀለሁን አንገት አየ፤ መስቀል አለበት።

ምን መስቀል በሉኝ። ያ ሁሉ ገበሬ ፈንታውን ስለማያምነው፣ ደህናውን ቀለሄን ወስዶ በሰው አሮጌ እንዳይለውጥብኝ እያለ የቀለሁን አንገት በሞረድ ምልክት ያደርግበት ነበር። ደሳለ ደግሞ ምልክቱም ይሁነኝ ከዓይኑም ይጠብቀኝ ብሎ፣ በሞረድ አንገቱ ላይ መስቀል ቆፍሮበታል። ያቺ አንገት ስስ ናት። በሞረድ የተፋቀው ወገኗ ይባስ ይሳሳል። አረሩ ሲጫን ጠንካራው ወገን አልበገር ይላል፣ የሳሳው ይለቅለታል፤ አረሩም ወደ መስቀሉ ጋደል ብሎ ይቀመጣል። ፈንታው ከፍላቂት ገበያ ያሲር ከሚባል ብረት ነጋዴ የገዛው ምልክት የሌለው ቀለህ ነበረውና አረር ጫነበት። መስተዋቷ ላይ ጫፏ ጸጥ ብላ ዞረች።

መጀመሪያ ሳቁ መጣ። «ሽታዬ! እኔን ሲፈሩ የራሳቸውን ጥይት አጠመሙ እኮ!» አላት።

እሷ አልሳቀችም። ሴትዮዋ ነገሩ ከእሱ ቀድሞ ነው የገባት። «እንግዲህ ምን ልትለው ነው?» አለችው። «መስቀሉን ከጥይትህ ላይ አንሣ ልትለው ነው? አንተ? ቀጥቃጩ? ይኸው መስቀል ፈራ አይሉህም?»

ይህን ነገር አስቡት እስቲ። ፈንታው ዝም ቢል ጥይቱ እንደጠመመ ይቀራል፣ ዓይኑ ነው ይባላል። ቢናገር መስቀል የሚሸሽ ቡዳ ነው ይባላል። ምልክት በሌለው በራሱ ቀለህ ሞልቶ ቢሰጥ ደግሞ ይኸው ለወጠብኝ፣ ሌባ ነው ይባላል። ሰው እንዲህ አድርጎ ነው ሰውን የሚያስር፤ በሦስቱም በር ዘበኛ አቁሞ።

«አያ ደሳለ ደጄ የሚቀመጥ ሰው ነው» አለ በመጨረሻ። «ባሳየው ይገባዋል።»

ደሳለ ሲመጣ መስተዋቷን ድንጋዩ ላይ አነጠፈለት። «እርስዎ ራስዎ ያንከባልሏት» አለው። ደሳለ አንከባለላት። መስቀል ያለባት እስክስታ መታች፤ መስቀል የሌለባት ጸጥ አለች። መላልሶ አየ። አረሯ ወዴት እንዳዘነበለች በጥፍሩ እየዳበሰ አገኘው።

«ወይ ጉድ!» አለ፣ እጁን በአፉ ጭኖ።

«መስቀሉ አይደለም ጥፋተኛው፣ አያ ደሳለ። የሞረዱ ጉድጓድ ነው። እኔም በአንገቴ መስቀል አለኝ፣ ይኸው። ምልክትዎን ከታች፣ ከመቀመጫዋ ላይ ያድርጉት፤ እዚያ ወፍራም ነው፣ ምንም አይላት።»

ደሳለ ፈንታውን ትክ ብሎ አየው። «ገባኝ» አለ። «ቁርጥ አድርጎ ነው የገባኝ።» ወደ ውስጥ አንገቱን ሰገግ አድርጎም «አይዞሽ ሽታዬ» አላት። ሽታዬ ያን ዕለት ጸጉሯን ታጠበች።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ነበር። ፈንታው ከአጥሩ ውጭ ቁም ተባለ፤ ቆመ። ሁሉም ይሰማዋል። ደሳለ ተነሥቶ የባልና ሚስቱን ነገር ጀመረ፤ ጥሩ ነበር አጀማመሩ። አረጋ የሚባል ሽማግሌ አቋረጠው።

«ቆይ እስቲ። በሰርጉ ላይ ያዋረደህ ይኸው ሰውዬ አይደለም? ጥይትህን ምን አጠመመው አለህ?»

ደሳለ ሰዉን ዞር ብሎ አየ። ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። በሰርጉ የሳቁትም አሉበት። «የገዛ ሞረዴ ነው ያጠመመው፤ እናንተም እንደኔ ጅሎች ናችሁ» ማለት ነበረበት። ይህን ማለት እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ! ጉሮሮውን ጠረገ።

«መስቀሉን ከአንገቷ አንሣ ብሎኛል» አለ።

ሌላውን ዋጠው። ሞረዱን አላነሣ፣ መስተዋቷን አላነሣ። ቄሱ አባ ገብረ ዮሐንስ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ፤ ሰዉም ተከትሎ አማተበ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ውሸት ተናገረ እንዳትሉት አልዋሸም፤ እንዲህ ያለውን እውነት ግን ውሻም አይልሰው! ፈንታው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «አያ ደሳለ! ሁሉን ይንገሯቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ደሳለ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ጥቂት ሰንብቶ ደሳለ አዲስ ቀለሆች በሰው ላከ። አንገታቸው ንጹሕ ነው። መስቀሉ ከታች፣ ከመቀመጫቸው ላይ ነው። ከእሱ ያዩት የሌሎቹም እንዲሁ። ሽታዬ አንዱን ቀለህ አንሥታ አየችና «አትሙላላቸው» አለች። እሱ ግን በቤቱ የሚበላ አልነበረምና ሞላላቸው። አንድም እስክስታ አልመታ።

ሽታዬ ክረምቱን አልዘለቀችም። የሞተች ቀን ከይምርሐነ ክርስቶስ ወገን ወንድሟ እሱባለው ደረሰ። ያሲር ሰምቶ ከፍላቂት ከታላቅ ወንድሙ ጋር በዝናብ መጣ፤ እስላም ናቸው፣ ማንም ኑ አላላቸውም። ሦስት ሰው ሆኑ፤ ቃሬዛ ግን አራት ይፈልጋል። ባል የሚስቱን ሬሳ አይሸከምም፣ ነውር ነው፤ ከኋላ ሆኖ ያለቅሳል እንጂ። ፈንታው ማልቀሱን ትቶ አራተኛውን ጫፍ በትከሻው አነሣ። ማሳ ውስጥ ያሉት አራሞች ቆመው አዩዋቸው፤ ቆባቸውን አወለቁ፣ አንድም ሰው ግን ወደ መንገዱ አልወጣም። አባ ገብረ ዮሐንስ መንገድ ላይ ፍትሐቷን አድርሰው ቶሎ ሄዱ። መንገዱ የማያዳልጥበት ላይ ሲደርሱ ያሲር «ወንድሜ፣ ወደ ኋላ ሂድና አልቅስላት፣ እኛ በሦስት እንችላለን» አለው። አልችልም አለ፤ ብለቀው ትወድቃለች ብሎ ፈራ።

ሰባቷ ሳይወጣ ደሳለ መጣ። እንደ ድሮው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጥናህ» አለው። «ምን ታደርገዋለህ፣ የሁላችንም መንገድ ነው።» ከኮቱ ውስጥ ከረጢት አወጣ። «ጥይቱስ ሸጋ ሆኗል። የአማቼ ልጅ ክርስትና ላይ ቅሉን በመጀመሪያዋ በተንሁት። እጅህ ይባረክ። እነዚህን ደግሞ ሙላልኝ፣ ለበዓሉ እንዲደርሱ።»

ፈንታው ከረጢቱን አልተቀበለም። ቃሬዛው የላጠው ትከሻው ገና አልጠገገም ነበር።

«ይዘውት ይሂዱ፣ አያ ደሳለ» አለ። «ከእንግዲህ የእርስዎን አልሞላም።»

ደሳለ ደነገጠ። ከረጢቱን እንደያዘ ከድንጋዩ ተነሣና ፈንታውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ምን በደልሁህ?» አለ። የምሩን ነበር የጠየቀው።