ያልበሰለው ቦሎቄ

ዛሬ ቦሎቄው ቲማቲምና ስኳር መሽተት ሲጀምር የዳዊት ድምፅ መጣብኝ። ታላቅ ወንድሜ ነው። ካረፈ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ልጅ እያለሁ ዳዊት ካዛንቺስ፣ ፈረንጆች ቤት ምግብ ያበስል ነበር። አሠሪዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የኤሌክትሪክ ድስት ሰጡት። ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ የሚያበስል ነው። አንድ ዓርብ ጠዋት ቦሎቄ ጣደበት።

«ወጥ ውስጥ ስኳር?» አለች እማዬ። «ቅቤስ የለበትም? ፈረንጅ ጾም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ አይደል? እመኚኝ በቃ። ብቻ እስክመለስ ክዳኑን እንዳትነኩት። ሙቀቱ ከወጣ አይበስልም።»

ድስቱ አይንተከተክም፤ ድምፅም የለውም። እማዬ በወጣች በገባች ቁጥር በጎን ታየዋለች። እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። እሷ ጓሮ ስትወጣ ከፍቼ ቅቤ ይኖርበት እንደሆነ አሸተትኩት። ቆይቼ ደገምኩት።

አመሻሽ ላይ ዳዊት ሲመጣ ቦሎቄው ገና ጥሬ ነበር።

«ክዳኑን ማን ከፈተው?»

እማዬ ምጣዷን መወልወል ጀመረች። እኔም ደብተሬን ገለጥኩ።

«እንግዲያው ከቄራ ገበያ የገዛሁት ቦሎቄ አሮጌ ነው» አለና ድስቱን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። ዳግመኛ አላወረደውም። ያበላሸሁት ግን እኔ ነበርኩ። ሳልነግረው አረፈ።

ዛሬ ድስቱን አውርጄ ቦሎቄ የጣድኩበት እኔ ነኝ። እማዬ በጥቁር ልብሷ አጠገቡ ተቀምጣለች። እጇን ወደ ክዳኑ ስትሰድ «ተይ እማዬ» አልኳት።

እጇን ሰበሰበች። «ያኔም የከፈትኩት እኔ ነበርኩ» አለች። «አራት ጊዜ።»

«እኔም ሁለት ጊዜ» አልኳት።

እስኪበስል ድረስ ማናችንም አልነካነውም።