ያልተባለ ይቅርታ

ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ሽማግሊት» ነበር የምንላት። ገና ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የምትቆረጥ፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት ናት። ሥራችን በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከውሃ ክፍያ መስኮቱ ጎን፣ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ባልን ከሚስት፣ አከራይን ከተከራይ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ማስማማት ነው። ጠረጴዛችን ትይዩ ስለነበር አሠራሯን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከኔ በላይ የተናደደባትም የለም።

ሁለት ባላጋራዎችን ፈጽሞ አንድ ክፍል አታስገባም። አንዱን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ታስቀምጥና ሌላውን ታናግራለች፤ ከዚያ ትወጣለች። ውስጥ ያለው «የዚያን ውሻ ዓይን ማየት አልፈልግም!» ብሎ ከሆነ፣ ውጭ ላለው «በጣም ከፍቶታል፤ ባይወድህማ መች እንዲህ ይከፋው ነበር» ትለዋለች። ያ ደግሞ ይለሰልስና ትንሽ ነገር ይናገራል፤ እሷ ያቺን ትንሽ ነገር አሳምራ ትመለሳለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትመላለስ ሁለቱም ይቅርታ የተጠየቁ ይመስላቸዋል። የጠየቀ ግን የለም። «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ጉድሽ ይፈላል» ስላት ትስቃለች። «ይፍላ! እስኪፈላ ታርቀው ልጅ ወልደው ይሆናል» ትለኛለች።

ከሁሉ የከበደው ሥራዋ የገዛ ወንድሞቿ ነበሩ። እሷ መካከለኛ ናት፤ ታላቅየው አናጺ፣ ታናሽየው ያኔ የጭነት መኪና ሹፌር። አባታቸው ሆስፒታል ሲያጣጥሩ ታናሽየው ሩቅ አገር፣ መንገድ ላይ ነበር። ታላቅየው አልደወለለትም። «መሪ ይዞ ሳለ ደንግጦ ገደል ይግባ?» አለ። እሷም የታላቋን ቃል ሰምታ ዝም አለች። ታናሽየው የደረሰው ለቀብር ነው። እዚያው መቃብሩ አፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ታላቁን «አባቴን የነጠቅከኝ አንተ ነህ፤ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለው። ዓይንና ናጫ ሆኑ።

ሽማግሊት እንደ ልማዷ ተመላለሰች። ለታናሹ «ጋሼ ‹አጥፍቻለሁ፣ መደወል ነበረብኝ፣ ይቅር በለኝ› ብሎሃል፤ ፊት ለፊት ለመናገር አፍሮ ነው» አለችው። ለታላቁ ደግሞ «መቃብር ላይ የተናገርኩት ያንገበግበኛል ብሏል» አለችው። አንዳቸውም አላሉም። ታላቅየውማ ጭራሽ ጥፋት እንዳለበት አያምንም። ታናሹ ግን ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰና ሄዶ ተጠመጠመበት። ወንዶች አይደሉ? ስለ ነገሩ ትንፍሽ ሳይሉ ጀርባ ጀርባቸውን ተደባብሰው ጨረሱት። ታናሽየው መኪናውን ተወ፤ የአባታቸውን የእንጨት ሥራ ቤት አብረው ይዘው ሰባት ዓመት በር፣ መስኮትና አልጋ ሠሩ። ልጆቻቸው የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ እስኪጠፋን ድረስ ተቀላቅለው አደጉ። ውሸት ላይ የቆመ ነው ብዬ ላጣጥለው አልችልም፤ ዓይኔ ያየው እውነተኛ ሰላም ነበር።

ዕድሉ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከየአገሩ ለተውጣጡ፣ በሙያቸው ለቆዩ ሰዎች ውጭ አገር የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ ነፃ ትምህርት፤ የሚጠናው ግጭት አፈታት። አመልካቹ የፈታውን አንድ ጠብ እንዲተርክ ይጠየቃል። እሷም የወንድሞቿን ጻፈች፤ ታላቁ ይቅርታ ጠየቀ፣ ታናሹ ተቀበለ ብላ። ተመረጠች። አለቃችን ሽኝቱ ላይ «ሂጂና ሰላምን ተምረሽ ነይ፤ እስክትመጪ እኛ ተፋጅተን እንጠብቅሻለን» አለ፤ መመረቁ ነው።

አብረዋት የሚማሩት ዳኛ፣ የስደተኛ ጣቢያ ሠራተኛ፣ የጦር መኮንን የነበረ ሰው፣ ጋዜጠኛ ነበሩ። ደውላ ሁሉንም ትነግረኛለች። አንድ ቀን «እዚህ የሰው ቃል መንካት ትልቅ ነውር ነው፤ ቃል የባለቤቱ ነው፣ እንዳለ አድርሱ ይሉናል» አለችኝ።

«ታዲያ አንቺ ስንቱን ነካሽ?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ብዙም ሳይቆይ መምህሯ በወንድማማቾቹ ታሪክ ተማረኩ። በቪዲዮ ተደውሎ ሁለቱ ራሳቸው ተማሪዎቹ ፊት እንዲናገሩ ፈለጉ።

«እምቢ በያቸዋ!» አልኳት። «ሞተዋል በያቸው!»

«ሰባት ዓመት እኮ ነው። አሁን ቢያውቁትስ? ይስቁበታል» አለች። ያመነችበት ይመስለኛል። ውሸቱም ከብዷት ነበር፤ የሆነ ቦታ አውርዳ መገላገል ፈልጋለች።

ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወንድማማቾቹ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሥራ ቤታቸው ውስጥ የተጋደመ፣ መላጊያ ያልነካው በር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የታላቁ ፀጉር ላይ የእንጨት ብናኝ ቀርቶ ታናሹ በእጁ አራገፈለት።

«ጋሼ፣ የውጭ ሰው ሊያይህ ነው፤ ሆድህን ሰብሰብ አድርግ።»

«የኔን ሆድ ተውና አንተ ጥርስህን ክደን» አለው ታላቁ።

መምህሯ፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት፣ በቋንቋቸው ይጠይቃሉ፤ ሽማግሊት ትተረጉማለች። ስለ ልጅነታቸው አወሩ፣ ስለ ሥራቸው አወሩ። ከዚያ መምህሯ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ትርጉሙ አልመጣም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ነቀነቅኩት።

የምናደድባት እዚህ ላይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቃል ስታለሰልስ የኖረች ሴት ያችን አንዲት ጥያቄ «ሥራ እንዴት ነው?» ብላ ብትተረጉማት ማን ያውቅባት ነበር? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን እንዳለ አደረሰችው።

«ታላቅ ወንድምህ ስላልደወለልህ ይቅርታ ሲጠይቅህ ምን ተሰማህ?»

ታናሹ መለሰ። «ምን ልበላችሁ... ሸክም ነው የወረደልኝ። ጋሼ ኩሩ ሰው ነው። ያንን ቃል ከአፉ ማውጣቱ ለኔ—»

«የምን ይቅርታ?» አለ ታላቁ።

«በእታለም የላክልኝ ነዋ። አጥፍቻለሁ ያልከው።»

«እኔ? ምን አጠፋሁና! በድንጋጤ እንድትሞት ነበር የፈለግከው? ዛሬም ቢሆን አልደውልም።»

ታናሹ ወደ ስልኩ ዞረ። «እታለም፣ ብሏል ወይስ አላለም?»

መምህሯ ከጎን ምን እያሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሽማግሊት ለወንድሟ ነው የመለሰችው።

«አላለም» አለች።

«ሰባት ዓመት ሙሉ!» አለ ታናሹ ተነሥቶ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተባለ ይቅርታ ይቅር ብዬ ስኖር!»

ያኔ ታላቁም የራሱን አሰበ። «ቆይ፣ አንተስ? መቃብር ላይ የተናገርኩት ያንገበግበኛል አላልክም?»

«አላልኩም። እንዲያውም ልድገምልህ» አለና ያንኑ ቃል አንድ ሳያስቀር ደገመለት። ታላቁ በጥፊ መታው። ታናሹ መልሶ አልመታውም፤ ቢመታው ይሻል ነበር። መጋዙንና መዶሻውን በጆንያ ሰብስቦ ወጣ። ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሥራ ቤቱ መሃል ለመሃል በቆርቆሮ ተከፈለ፤ የታናሹ ወገን ተቆልፎ ቀረ፣ እሱም ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰ። አብረው ያደጉት ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ አይተያዩም። ሽማግሊት በማዕረግ ተመረቀች። መምህሯ «እጅግ አስተማሪ» ብለውታል አሉ፤ ቪዲዮው አሁንም ፊታቸው ተሸፍኖ ለአዳዲስ ተማሪዎች ይታያል። ስትመለስ ታላቁ በሩን አልከፈተላትም። ቢሮ ውስጥ ዛሬ ባላጋራዎችን ፊት ለፊት ታስቀምጣለች፤ ትሰማለች፣ አንዲት ቃል አትጨምርም። የሚታረቁ አሉ፣ ልክድ አልችልም። ብዙዎቹ ግን ተሰዳድበው ይወጣሉ።

ባለፈው ታናሹ ወደ ቢሯችን መጣ። ሰላም ሳይል ባለጉዳዮች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። እሷ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አለ። «አባዬ ሊሞት ሲል ‹ልጄ የታለ?› እያለ ይጠራህ ነበር ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ» አለች።

«እሱስ? እሱንም ከራስሽ ነው?»

«አይደለም!» አለች። «ጠርቶሃል። እጁን ይዤው ነበር፤ ደጋግሞ ነው የጠራህ። በሞተው አባታችን ይሁንብኝ።»

እውነቷን ነው። ያን ዕለት አባታቸውን ልጠይቅ ሄጄ አልጋቸው ግርጌ ቆሜ ነበር። «እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩት።

«አንቺማ ጓደኛዋ ነሽ» አለኝ፣ ሳይቆጣ።

ጥቂት ተመለከታት። ከዚያ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ተጭኖ ተነሣ።

«ባምንሽ እንዴት ደስ ባለኝ ነበር፣ እታለም» አለና ወጣ።