በእድሩ ግንብ ላይ የሣልኩት ጅብ

ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌንም ሰው ማማቴንም ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። ለእናንተ ልናገር። ጅቡን የሣልኩት እኔ ነኝ።

የተወለድኩት ንፋስ መውጫ፣ ከገበያው በታች፣ ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። ከተሜው «የቡዳዎቹ መንደር» ይለናል። የእናቴን ድስት ይገዛል፤ ልጁን ግን ከዓይኗ ይሸሽጋል። ደሴ የሚባል ባለባጃጅ ወዶኝ ሽማግሌ ሊልክ ሲል፣ እናቱ ወይዘሮ አንጓች ገበያ መሐል እናቴን አስቁመው፣ «ልጅሽን ከልጄ ላይ አንሺልኝ! ጅብ ቤቴ አላስገባም!» አሏት። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሸክላዋን ሰበሰበች። ደሴም በዚያው ቀረ። እኔ ቂሜን ያዝኩ።

ቆይቶ መልካሙ የሚባል የሰፈራችን ታፔላ ጸሐፊ፣ የእድራችንን አዳራሽ ግንብ በራሳችን ሰዎች ምስል እንሙላው አለ። ነርሷን፣ አስተማሪውን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሁሉንም ከነስማቸው። «ሰው ስም እስኪያወጣልን ከምንጠብቅ ፊታችንን እናሳያቸው» አለን። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። እኔም ቀለም በጥባጭ ሆንኩ፤ መልካሙን እያየሁም ፊት መሣል ለመድኩ። የሸክላ ሠሪዎቹ ታላቅ እማማ ስንዱ ምስላቸውን ሲያዩ፣ «እኔ ነኝ? እንዲህ አምራለሁ እንዴ?» ብለው እንደ ልጃገረድ ሳቁ።

ለምረቃው ግንቡ በሸራ ተሸፈነ። ሁሉም ለምሳ ሲበተኑ እኔ ቀረሁ። ሸራውን ገልጬ፣ ከእማማ ስንዱ ጎን፣ የወይዘሮ አንጓችን ፊት ከነአንገት ንቅሳታቸው ሣልኩ። ከአንገት በታች ጅብ አደረግኳቸው። ሸራውንም መልሼ አለበስኩት።

በማግስቱ ሸራው ሲወርድ ወይዘሮ አንጓች ከፊት ቆመዋል። ለካ እማማ ስንዱ ሊያስታርቁን ለምነው አምጥተዋቸው ኖሯል! «አያችሁ? ሰው ጅብ እንደሚያደርጉ በገዛ እጃቸው ሣሉት!» ብለው ወይዘሮ አንጓች ጮኹ። ገበያተኛው አማተበ፤ ድንጋይ ተወረወረ። በስልክ የተነሣው ፎቶ መካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ ደረሰ። እኔ ግን የሴትዮዋን ዕንባ አይቼ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ሰው ሁሉ «ሣዩ እሱ ነው» ብሎ በመልካሙ ላይ ፈረደ፤ እሱም ጥሎን ወደ ወገዳ ሄደ። እማማ ስንዱ ኖራ በጥብጠው ግንቡን፣ የሳቁለትን ፊታቸውን ጭምር፣ በገዛ እጃቸው ሲያጠፉ ባልዲውን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። «ልጄ፣ ማን ይሆን እንዲህ የጠላን?» አሉኝ።

«እንጃ፣ እማማ» አልኳቸው።

አሁን እማማ ስንዱ አፈር ሆነዋል። እሳቸውን በድያለሁ፤ መልካሙን በድያለሁ፤ ሰፈሬን በሚሰደብበት ስም መልሼ ያሰደብኩት እኔ ነኝ። ተበድዬ ነበር ብል ማን ያጸዳኛል? ወይዘሮ አንጓችን ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሳያቸው ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ያን ዕንባቸውን እንደገና ባየው ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ልብ ይዤ ፍቱኝ አልልም። አትፍቱኝ።