ጋሽ ጮራሞና የአባቴ ሰደፍ

ባለፈው ዓመት መጻሕፍቴን ከወለል የማነሣበት መደርደሪያ ላሠራ ሶዶ ገበያ ጀርባ ወዳለ አናጢ ቤት ሄጄ ነበር። ከአናጢው ጋር ስለ ስፋቱ ስንነጋገር ከጓሮ አንድ ሽታ መጣ። የኑግ ዘይት ከሰም ጋር እሳት ላይ ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ነው፤ ጥቂት የተቆላ እህል፣ ጥቂት ማር፣ ጥቂት ደግሞ ላብ ይመስላል። አናጢው "እትዬ፣ ቁመቱስ ስንት ይሁን?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ አንድ ዝቅተኛ ጎጆ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

የጎጆው ባለቤት ስማቸው ጮራሞ ነበር። የተሰበረ የጠብመንጃ ሰደፍ ይጠግናሉ። ከሁምቦም ከገሱባም ሰው በበቅሎ እየመጣ ይፈልጋቸዋል፤ ግን ብረት ከሚቀጠቅጡ ቤተሰብ ስለ ተወለዱ አብሯቸው በአንድ ዕቃ የሚበላ አልነበረም። ሥራ ይዞ የመጣ ሁሉ ከደጃፍ አስረክቦ ከደጃፍ ይረከባል። ትልቁም ትንሹም "አንተ ጮራሞ" ይላቸዋል። እኔም እንደዚያው እል ነበር። እዚህ ጋሽ ጮራሞ እላቸዋለሁ፤ ዘግይቷል፣ ቢሆንም።

ወደ እሳቸው ያደረሰን የእኔ ጥፋት ነው። የአባቴ ምንሽር ከአልጋው በላይ፣ አባቴ ራሱ በግድግዳው ላይ በተከለው ኩላብ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። መንካት ክልክል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠፋ አልጋው ላይ ወጣሁና ከቅርብ ልየው ብዬ ማንገቻውን ሳብኩ። ኩላቡ ከነጭቃው ተነቅሎ መጣ። ጠብመንጃው በሰደፉ ወርዶ የምድጃው ድንጋይ ላይ አረፈ። አንገቱ፣ እጅ የሚጨብጠው ቦታ ላይ፣ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈው የሰደፉ ብረትም ተጣሞ አንድ ጥጉ ተቆረጠ። ሮጬ እንሰቱ ውስጥ ገባሁ። አባቴ ሲመጣ ከእንሰቱ መካከል በተከፈተው በር አየሁት፤ ወለሉ ላይ የወደቀውን ኩላብ አነሣና አገላብጦ አየው። "የእኔው ጥፋት ነው" አለ። "ድሮም አጥብቄ አልተከልኩትም።"

ወጥቼ እኔ ነኝ አላልኩም።

ዝምታዬን ያከበደው የሳምንቱ ነገር ነበር። የአባቴ አባት ሞተው ተቀብረዋል፤ ትልቁ ለቅሶ ለቅዳሜ ተቀጥሯል። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ በአባቱ ለቅሶ ሜዳ ላይ ጠብመንጃውን ይዞ ይወጣል፣ ይተኩሳል። ባዶ እጁን የወጣ እንደሆነ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። የሰው ጠብመንጃ ተውሶ መውጣት ደግሞ ከባዶ እጅም የባሰ ነው፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለምና።

አባቴ የሰፈራችን ጭቃ ሹም ነበር። "ጮራሞ ደጅ አልቆምም" አለና እንደ ተሰበረ ሞፈር ራሱ ሊጠግነው ተነሣ። በዚያ ሰሞን ከታረደ በሬ ላይ ጥሬ ቆዳ በጠባቡ ቀደደ፤ የሰደፉን አንገት ጠምጥሞ ጠምጥሞ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ቆዳው ሲደርቅ ያጠብቃል፤ ግን ወደ ፈለገው አቅጣጫ ነው የሚስበው። በማግስቱ አባቴ አንሥቶ ሲያነጣጥር ሰደፉ ወደ አንድ ወገን፣ አፈሙዙ ወደ ሌላ ወገን ሆነ።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና "ዳሞታን አነጣጥረህ የጎረቤት ላም ልትጥል ነው" አለች።

"ዝም በይ አንቺ!"

ማክሰኞ ጠዋት ጠብመንጃውን በጋቢ ጠቀለለና እኔን አስከትሎ ጋሽ ጮራሞ ደጅ ቆመ። አባቴ ሊጫወት ሲፈልግ ወላይትኛ፣ ሊያዝ ሲፈልግ አማርኛ ነበር የሚናገረው። ያን ቀን አማርኛ ተናገረ።

"አንተ ጮራሞ፣ ይሄ ለቅዳሜ ይድረስ።"

ጋሽ ጮራሞ ጋቢውን ገለጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቻቸው ከሙጫ የተነሣ የሚያብረቀርቁ ሰው ነበሩ። ቆዳውን አይተው ሳቁ። "ጌታዬ፣ ይሄን በሬ ነው የዋጠው?" አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም እስከ መጨረሻው "አንተ" ሲሉኝ ኖሩ። ሰደፉን አገላበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ስንጥቁን እስከ ጫፉ ተከተሉት። ከዚያ ማንገቻው የሚታሰርበትን ቀለበት አዩ። ወደ ታች ተስቦ ተጣሟል። አባቴን አላዩትም፤ እኔን አዩኝ።

"ልጁ እዚህ ይዋል። ጥላሸት የሚያይልኝ እፈልጋለሁ።"

"ሴት ልጅ ናት እኮ።"

"ዓይን አለው?"

"አላት።"

"በቃ። የእኔ ዓይን ቅርብ ቅርቡን እምቢ ብሏል።"

እስከ ዓርብ ድረስ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ዋልኩ። እናቴ ምግባቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በእኔ እጅ ትልክላቸው ነበር። ሳህን ሳይሆን ቅጠል የምትልከው ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ቅጠል ተመልሶ አይመጣም። እሳቸውም ያውቁ ነበር። በልተው ሲጨርሱ ቅጠሉን በጥንቃቄ አጥፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደ አንድ ትልቅ ዕቃ ከጎናቸው ያስቀምጡታል።

የደረቀውን ቆዳ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው ገፈፉት። ስንጥቁን በዶሮ ላባ ጠረጉት፤ ከሰኮናና ከቆዳ ፍቅፋቂ የቀቀሉትን ሙጫ ከታች እስከ ላይ አጠጡት፤ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀደዱት ጥብጣብ ጠምጥመው አሳደሩት። በማግስቱ በአንገቱ ውስጥ አግድም በስተው ከወይራ የጠረቡትን ችንካር ሰኩበት። ላስቲኩን ሲፈቱ ስንጥቁን ፈለግኩት። በዓይን አጣሁት። በጥፍሬ ፈለግኩት፤ በጥፍሬም አጣሁት። ከዚያ በፊት ተአምር የሚባለውን ነገር ከቄስ አፍ ብቻ ነበር የሰማሁት።

እውነተኛው ሥራ የጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱን የሰደፍ ብረት ከጣሊያን ጊዜ ከቀረ አካፋ ቆርጠው አወጡት። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ማግባባት ቀረ። የእኔ ሥራ ከኩራዝ ጥላሸት ፍቄ በቅቤ መለወስ ነበር። ያን ብረቱ ላይ በስሱ ይቀቡና ሰደፉ ጀርባ ላይ ገጥመው በመዳፋቸው አንዴ መታ ያደርጉታል፤ ከዚያ ያነሡታል። ብረቱ እንጨቱን የነካበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል፤ ያልነካበት ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የጠቆረውን በመሮ በስሱ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ብቻ ይፍቁታል። እንደገና ጥላሸት፤ እንደገና መግጠም፤ እንደገና ማንሣት። መጀመሪያ ሦስት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ሰባት፤ ቀጥሎ መቁጠር ተውኩ። በየጊዜው "ነጩ የት ነው?" ይሉኛል። እኔ በጣቴ አሳያለሁ።

"ትንሽ ነጭ ብትቀር ምን ትሆናለች?" አልኳቸው።

"አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ አንዱ ትከሻውን ዝቅ ቢያደርግስ?"

"ሦስቱ ይከብዳቸዋል።"

"ሲተኮስ እንደዚያ ነው። ብረቱ ያልነካው ጥግ ዝም ይላል፤ የነካው ብቻውን ይመታል። ያን ጊዜ እንጨቱ እንደገና ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ጉንጩን እዚያ ላይ አስደግፎ!"

ዓርብ ሊመሽ ሲል ጀርባዬ ዝሎ፣ ጣቶቼ በጥላሸት ተበልተው ነበር። ጋሽ ጮራሞ ብረቱን አነሡ። የሰደፉ ጀርባ እንደ ጭለማ ጠቁሯል። ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ቀርታለች።

"ነጭ አለ?"

"የለም" አልኳቸው።

አመኑኝ። ብሎኖቹን አጥብቀው፣ እንጨቱን በኑግ ዘይትና በሰም ሲያሹት ቀዩ ቀለም ከውስጥ እየወጣ መጣ። ከዚያ የሚያምር ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ ግን ጥጉን ብቻ ነበር የማየው።

ቅዳሜ ጠዋት ከአባቴ ጋር ልንረከብ መጣን። አጎቴ ባሳ ፈረሱን ይዞ ከመንገድ ላይ ይጠብቃል። ሜዳው ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ የለቅሶው ጩኸት እኛ ድረስ ይሰማል። አባቴ ጠብመንጃውን ተቀብሎ ወደ ትከሻው አስጠጋ፤ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት።

"አንድ ነጭ ቀርቷል!"

አባቴ ዞረ። "ምን?"

ጋሽ ጮራሞ ገብቷቸዋል። አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። "ትናንት አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ለምን የለም አልከኝ?"

"ደከመኝ።"

አልተቆጡም። ተነሥተው እጃቸውን ወደ አባቴ ዘረጉ። "ጌታዬ፣ ይስጡኝና ቁጭ ይበሉ።"

አጎቴ ከመንገድ ላይ "አባታችን እንደገና እስኪሞት ልንጠብቅ ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"እሱ አይቸኩልም" አሉ ጋሽ ጮራሞ ብሎኑን እየፈቱ። "የሚቸኩለው አንተ ነህ።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ጭቃ ሹሙ አባቴ፣ በአባቱ ለቅሶ ቀን፣ አገር እየጠበቀው፣ ቅጠል ላይ የሚበሉት ሰው ቁጭ ይበሉ ሲሉት ደጃፋቸው ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠ። ብረቱ ተነሣ፤ ነጯ ምስር እዚያው ነበረች። ጥላሸት፤ መሮ፤ መግጠም። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። አባቴ መሮውን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ "ሌላስ የደበቅሽው አለ?" አለኝ።

"ኩላቡን የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

አባቴ ወደ ጋሽ ጮራሞ አየ። እሳቸው ቀና አላሉም። ሜዳው ላይ አንድ ሰው የአያቴን ስም እየጠራ ያለቅስ ነበር። አባቴ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሻሸና "እኔ ደግሞ ኩላቡን ስረግም ሰነበትኩ" አለ፤ በወላይትኛ። ከዚያ በኋላ ያን ነገር አንስቶብኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ጊዜ ብረቱ ተነሣ። "ነጩ የት ነው?" አሉኝ ጋሽ ጮራሞ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ጥጉን ሁለት ጊዜ። "የትም የለም" አልኩ፤ ብሎኖቹን አጠበቁ።

አባቴ ሜዳው ላይ አምስት ጊዜ ተኮሰ። በየጥይቱ ትከሻው ወደ ኋላ ሲሄድ በጣቴ እቆጥር ነበር። በአምስተኛው ላይ ሴቶቹ ዋይ አሉ፤ አጎቴ ከፈረሱ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ተደፋ፤ አባቴ አያቴን እየጠራ በጠብመንጃው ተደግፎ አለቀሰ።

ጋሽ ጮራሞ ሰዉ ውስጥ አልገቡም። ከሜዳው ዳር፣ ከእንሰቱ ጀርባ ቆመው አገኘኋቸው።

"ስንት ተኮሰ?"

"አምስት።"

"ሰደፉስ?"

"ምንም አልሆነም!"

"በደንብ አየህ?"

አየሁ ልል አፌን ከፈትኩ። አላየሁም ነበር። አባቴን ነበር ያየሁት፣ ጭሱን ነበር ያየሁት። "አላየሁም" አልኳቸውና በሚያለቅሱት ሰዎች መካከል እየተሽሎከለኩ ተመልሼ ሮጥኩ። አባቴ እጅ ውስጥ እንዳለ ሰደፉን ይዤ፣ አንገቱን በጥፍሬ፣ የብረቱን ዙሪያ በጣቴ ፈተሽኩ። አባቴ እያለቀሰ ለቀቀልኝ። ስመለስ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

"አየሁ። ደህና ነው" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና በእንሰቱ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ልጅ አልወለዱም፤ ሥራውንም የተማረላቸው የለም። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ያን ጊዜ እሳቸው በሕይወት አልነበሩም። ልጆቹ ጽፈው ደብተራቸውን ሲሰጡ እኔ የጻፍኩትን እንደገና ላይ ወደ መጀመሪያው መስመር እመለስ ነበር። መምህሩ "አሁንስ ምን ቀረሽ?" ይሉኛል። ከእንሰቱ ጀርባ አንድ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ እንደሆነ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?