የሰይድ ክትር

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ።

እኛ በቆቦ ቆላ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፍን ማሽላችንን እናጠጣለን። ጎርፉ ወደየማሳው የሚገባው በተራ ነው፤ ተራውን የማስከብረው የውሃ አባት ደግሞ እኔ ነበርኩ። የዛሬ አሥር ዓመት ዝናቡ ጠፋ። ጎረቤቴ ሰይድ በስብሰባ መሃል ተነሳና፣ “አንተ የውሃ አባት አይደለህም፤ የዘመዶችህ አሽከር ነህ” አለኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚለኝ። ለዘመድ አድልቼ አላውቅም ነበር። ደሜ ፈላ። ግን ዝም አልኩ፤ እንዲያውም ፈገግ አልኩ። ሰዉ ትዕግሥቴን አደነቀ። እኔም አደነቅሁት፣ እኔ ከንቱ።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ጎርፉ መጣ። ተራው የሰይድ ነበር። እሱ ጎብዬ ገበያ ሄዷል፤ በሌለበት ውሃውን ማስገባት የእኔ ሥራ ነው። አስገባሁለትም። ከዚያ ያቺ “አሽከር” የምትል ቃል ትዝ አለችኝ። ዶማዬን አነሳሁና ውሃውን ወደ ሰይድ ማሳ የሚመልሰውን የአፈር ክትር ናድሁት። እኔ ናድሁት። ንዴት ዓይኔን ጋረደው እንዳልል፣ ከመናዴ በፊት ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ አይቻለሁ። ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው ግራ ቀኝ ያያል? ውሃው ማሽላውን ትቶ ወደ ወንዙ ሄደ። ለሰይድ “ጎርፉ በረታና ሰበረው” አልኩት። አመነኝ።

ሌላ ጎርፍ አልመጣም። የሰይድ ማሽላ እንደቆመ ደረቀ። በሬዎቹን ሸጦ ልጆቹን አበላ። ከዚያ አንድ ጠዋት ደጄ መጥቶ አንገቱን ደፋ።

“አያ ደምሴ፣ አንቱን ባዋርድ አላህ ቀጣኝ። አውፍ በሉኝ” አለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? “ይቅር ብዬሃለሁ” አልኩ። ክትሩን በንዴት ናድሁት ብል እንኳ፣ ይህንንስ በምን አሳብባለሁ? ያን ጠዋት አልተናደድኩም። ረጋ ብዬ ነው ያልኩት። ጉልበቴን ሲስምም አልከለከልኩትም።

ይኸው ዛሬ ሰው ሲጣላ ለእርቅ የምጠራው እኔ ነኝ። ጎረምሳ በተበሳጨ ቁጥር “እንደ አያ ደምሴ ቻል አድርግ” ይሉታል። ይህን ስሰማ የራሴን ፊት ብቧጭረው ደስ ባለኝ። ሰይድም እዚያው ተቀምጦ “እውነት ነው” ይላል፤ እስከ ዛሬ በሰው በሬ ነው የሚያርሰው። ቤቱ ከቤቴ ጥቂት እርምጃ ነው። ሄጄ ያልነገርኩት ርቆብኝ አይደለም። አያ ደምሴ መባሉ ስለሚጣፍጠኝ ነው። ማሩኝ አልላችሁም።